ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ እና "በምን አወቅህ?" ስለምትባል ጥያቄ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ግማሹን አንብቦ ኮሜንት ላይ መጣላት ግን ክልክል ነው። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በየጥቂት ወሩ ፌስቡክ ላይ የሚመላለስ አንድ ፖስት አለ። "ኢትዮጵያዊው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ከፈረንሳዊው ዴካርት ቀድሞ ዘመናዊ ፍልስፍናን ጀመረ" ይላል። ኮሜንቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ባንዲራና ልብ ይደረድራል። ሌላው "ባክህ፣ ጣልያን የጻፈው ፎርጅድ ነው" ብሎ ይስቃል። ከዚያ ስድብ ይቀጥላል፤ ከስድቡ በኋላ ብሔርና ሃይማኖት ይመጣል። ሃምሳ ስልሳ ኮሜንት ወርጄ ሳነብ የማጣት አንዲት አጭር ጥያቄ ናት፦ በምን አወቅህ?

የሚገርመው ይህቺ ጥያቄ የሰፈራችን ጥያቄ መሆኗ ነው። መርካቶ "ኦሪጅናል ነው ፎርጅድ?" ሳይባል ቀን አይመሽም። ሸማ ተራ የምትገዛ እናት "ንጹህ ጥጥ ነው" ስለተባለች ብቻ ብር አታወጣም፤ ክር መዝዛ በክብሪት ትለኩሰዋለች። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ካለበት ይቀልጥና ይጠቀለላል። ያገለገለ ሞባይል የሚገዛ ልጅ *#06# ይደውልና የወጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። ወርቅ ሠሪ ደግሞ ወርቁን ድንጋይ ላይ ፈትጎ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። "የሸጠልኝ የአገሬ ልጅ ስለሆነ ዕቃው ኦሪጅናል ነው" የሚል ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ቢኖርም አንድ ዓመት አይቆይም። "ሻጩን ስለማልወደው ዕቃው ፎርጅድ ነው" የሚልም እንደዚያው ይከስራል።

ታዲያ ለዕቃ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ለወሬ፣ ለታሪክ፣ ለሐሳብ ሲሆን ምን ይነካናል? ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎቼ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ይወስዳሉ። አንዳንዶቹ ሲመለሱ "ቲቸር፣ ኮርሱ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ስሙን ሸምድደን አለፍነው" ይሉኛል። እኔ ግን ዋናው ሥራ ክብሪቷን ከሸማው ወደ ንግግሩ ማዞር ብቻ ነው እላለሁ። ይህን ለማሳየት ደግሞ ከዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ አላውቅም። ምክንያቱም መጽሐፉ ራሱ ስለ መመርመር የተጻፈ ነው፤ የመጽሐፉ ታሪክ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ያልተቋጨ "ኦሪጅናል ነው ፎርጅድ?" ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንይ። ዛሬ "ሐተታ አታብዛ" ስንል "ወሬ አታስረዝም" ማለታችን ነው። በግዕዙ ግን "ሐተተ" ማለት መረመረ፣ ጠየቀ፣ ፈተሸ ማለት ነው። ስለዚህ "ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ" የዘርዓ ያዕቆብ ምርመራ ማለት ነው።

መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚነግረን ይህን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ሰው የሚጠራው "ወርቄ" ብሎ ነው። ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ መምህር ሆነ። ዘመኑ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ የታመሰበት ዘመን ነው። ጠላቱ ንጉሡ ዘንድ ስለከሰሰው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያ ብቻውን ሆኖ አሰበ። ሱስንዮስ በ1632 ካረፉ በኋላ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ጸሐፊና የልጆች አስተማሪ ሆነ፤ የቤቱን አገልጋይ ሒሩትን አገባ። ሲያረጅ፣ በ1667 ገደማ፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ሐሳቡን ጻፈ። ወልደ ሕይወትም በኋላ የራሱን ሐተታ ጨመረ።

የዋሻው ጥያቄ ምን ነበር? በራሴ አባባል ላሳጥረው። ሁሉም ሰው የኔ እምነት ትክክል ነው ይላል። ሁሉም ደግሞ ያመነው ከአባቱ የሰማውን ነው። ታዲያ በመካከላቸው ማን ይፍረድ? ዳኛ ይሆናል የተባለው ሰው ራሱ የአንዱ ወገን ነው። የደረሰበት መልስ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ልቡና ሰጥቷል፣ በልቡና ብርሃን የሚመረምር እውነትን ያገኛል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ጾምን፣ ምንኩስናን፣ ባርነትን፣ የባልና የሚስትን ነገር አንድ በአንድ ይመዝናል። ከመደምደሚያዎቹ ጋር መስማማት ግዴታ አይደለም፤ እኔም ሁሉንም አልቀበልም። ግን ያደገበትን ነገር ሁሉ አውጥቶ "በምን አወቅሁ?" ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው እናያለን።

እዚህ ላይ ያን የሚመላለስ ፖስት በክብሪት እንለኩሰው። የዴካርት ታዋቂ መጽሐፍ የታተመው በ1637 ነው። ሐተታው ደግሞ ራሱ በሚሰጠን ቁጥር ብንሄድ የተጻፈው በ1667 ገደማ ነው። ስለዚህ "ቀድሞ ጻፈ" የሚለው በመጽሐፉ በራሱ ምስክርነት እንኳ አይቆምም፤ "በዋሻው ውስጥ ቀድሞ አሰበ" ማለት ግን ይቻላል። አያችሁ፣ እስካሁን የማንንም ወገን አልያዝንም። ቁጥር ብቻ ነው ያስተያየነው፣ ልክ እንደ ሞባይሉ ካርቶን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መጽሐፉ እንዴት ተገኘ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በጌምድር ውስጥ ይኖር ነበር። ፓሪስ ላለው የመጻሕፍት ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት እየፈለገ ያቀርብለታል። በ1852 አንድ ያልታወቀ መጽሐፍ እንዳገኘ በደብዳቤ ነገረው፤ ቀጥሎም የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ቅጂ ላከ። በኋላ የዘርዓ ያዕቆብንም የወልደ ሕይወትንም የያዘ ሁለተኛ ቅጂ በዚሁ ሰው በኩል ተገኘ። ጁስቶ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ሁለቱ ቅጂዎች ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በ1904 ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን ግዕዙን ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመ፤ ዓለምም "በአቢሲኒያ ፈላስፋ ነበረ" ብሎ ተደነቀ።

በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባለው ጣልያናዊ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር "ይህን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ራሱ ጁስቶ ነው" ሲል ጻፈ። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ደገፈው። መጽሐፉ ለአርባ ዓመት ያህል "ፎርጅድ" የሚል ማኅተም ተመትቶበት ቀረ። ከዚያ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር መጡ። በ1953 አዲስ አበባ ገብተው ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1970ዎቹ መታተም በጀመረው ባለ ብዙ ቅጽ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥናታቸው ሐተታው እውነተኛ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ አሁንም አልበረደም። በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን የጁስቶን ደብዳቤዎች እንደገና መርምራ ፎርጅድ ነው ወደሚለው አዘነበለች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በመጀመሪያ ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋለኛው ዘመናቸው "መነሻው የዘርዓ ያዕቆብ ነው፣ ሌላ እጅ ግን ገብቶበታል" ወደሚል ሐሳብ መጡ።

የሁለቱንም ወገን ምክንያት ሚዛን ላይ እናስቀምጥ። ስለ እያንዳንዱ የምንጠይቀው አንድ ነው፦ ይህ ምክንያት ምን ያህል ይሸከማል?

ከ"ፎርጅድ ነው" ወገን እንጀምር።

1. ሁለቱም ቀደምት ቅጂዎች በአንድ ሰው እጅ ነው የወጡት። ይህ ከባድ ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ዕቃ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ከተገኘ፣ ደረሰኝም ከሌለው፣ ገዢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። በአንድ ቅጂ ብቻ የተረፈ መጽሐፍ በዓለም ላይ ብዙ ነው። "አልተገኘም" እና "አልነበረም" ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ፍለጋው በሰፋ ቁጥር የ"አልተገኘም" ክብደት ይጨምራል። ኪስህን ብቻ ፈትሸህ "ቁልፉ የለም" ማለትና ቤቱን በሙሉ ገልብጠህ "የለም" ማለት እኩል አይደሉም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ከጁስቶ የሚቀድም ሐተታ ግን እስካሁን ብቅ አላለም። ይህንን ወደድንም ጠላንም ሚዛኑ ላይ እናስቀምጠዋለን።

2. የስምና የልደት መገጣጠም። የጁስቶ የመጀመሪያ ስም ያኮፖ ነው፣ ያዕቆብ ማለት። የተወለደው ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 30 ነው። ሐተታው ውስጥ ዘርዓ ያዕቆብ የተወለደው ነሐሴ 25 ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አቆጣጠር ነሐሴ 25 ደግሞ ኦገስት 30 ላይ ይውላል። ስትሰሙት ያስደነግጣል አይደል? አሁን ቀዝቀዝ ብለን እናስብ። ያዕቆብ እዚህም እዚያም የተለመደ ስም ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ የንጉሥ ስም ነበር። ስሙ ብቻውን ብዙ አይሸከምም። ከልደቱ ጋር ሲደመር ግን ይከብዳል። በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል? ይችላል። ሁለቱም በአጋጣሚ? አሁንም ይችላል፣ ግን ትንሽ ያንገራግራል። እንዲህ ነው ማመዛዘን፤ "አዎ" እና "አይ" መካከል ብዙ መቀመጫ አለ።

3. ምስክር። የአድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ ካቶሊክ ቄስ መጽሐፉ የጁስቶ መሆኑን በጽሑፍ ትተዋል። ምስክር ሲቀርብ አያቶቻችን በሸንጎ የሚጠይቁትን እንጠይቅ፦ አይተው ነው ወይስ ሰምተው? ከማን ሰሙ? ከተከሰሰው ሰው ጋር ቅርርብ ወይም ቂም ነበራቸው? ሌላ ያየ አለ? ምስክሩን መናቅም፣ ሳይጠይቁ መቀበልም አይሆንም።

4. "እንዲህ ያለ ሐሳብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያዊ ሊመጣ አይችልም።" ይህን በደንብ እዩት። ኢትዮጵያዊ እንዲህ ማሰብ እንደማይችል በምን አወቅህ? "እንዲህ ያሰበ ስለሌለ።" ይኸው ዘርዓ ያዕቆብ! "እሱማ ፎርጅድ ነው።" ለምን? "ኢትዮጵያዊ እንዲህ ማሰብ ስለማይችል።" ክቡ ላይ ትዞራላችሁ እንጂ አትደርሱም። ሊያረጋግጥ የመጣውን ነገር አስቀድሞ እውነት ነው ብሎ የያዘ ክርክር ምንም አይሸከምም። የሐተታውን ሐሳብ ከጁስቶ ደብዳቤዎች ጋር መስመር በመስመር ማወዳደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ትክክለኛ ምርመራ ነው።

አሁን ደግሞ "ኦሪጅናል ነው" ወደሚለው ወገን።

1. "ጁስቶ ይህን የመሰለ ግዕዝ መጻፍ አይችልም።" ይህ ጥሩ ክርክር ነው፣ ምክንያቱም ይፈተሻል። ጁስቶ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ፣ አንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፍም ወደ ግዕዝ የተረጎመ ሰው ነው። ስለዚህ የእሱን ግዕዝ ከሐተታው ግዕዝ ጋር አስተያይቶ ማየት ይቻላል። ሰምነር እንዲህ ዓይነቱን ንጽጽር ሠርተው የቋንቋው ደረጃ አይገጥምም አሉ። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለች፦ ጁስቶ አብሮት የሚሠራ ጎበዝ ደብተራ ቢኖረውስ? ስለዚህ ይህ ክርክር ከቆመ የሚያረጋግጠው "ጁስቶ ብቻውን አልጻፈውም" የሚለውን ነው። "በ1667 ተጻፈ" የሚለውን አያረጋግጥም።

2. የዘርዓ ያዕቆብና የወልደ ሕይወት ጽሑፎች አጻጻፋቸውም ጠባያቸውም ይለያያል። አንዱ ብቸኛ፣ ጠያቂ፣ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ነው። ሌላው ምክርና ተረት የሚወድ አስተማሪ ነው። አንድ አስመሳይ ሁለት ሰው መሆን ይከብደዋል። ይከብደዋል እንጂ አይችልም ግን አይባልም፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው።

3. መዝሙረ ዳዊት በየገጹ አለ፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ሽታው ያውዳል። ይህ ጸሐፊው የአገሩን ትምህርት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው መሆኑን በደንብ ያሳያል። የማን ዘመን ሰው መሆኑን ግን አይነግረንም።

4. "የኛ ስለሆነ ኦሪጅናል ነው።" ይሄኛው ምኞት ነው። ምኞት መጥፎ ነገር አይደለም፣ ሚዛን ላይ ግን አይቀመጥም።

አምስተኛ ምክንያት ብላችሁ የምትጠብቁት እንዳለ አውቃለሁ፤ ኮሜንት ላይ በብዛት የሚመጣው እሱ ነው። "ኮንቲ ሮሲኒ ዘረኛ ነበር፣ ስለዚህ ውሸቱን ነው።" ሰውዬው በኤርትራ የጣልያን ቅኝ አስተዳደር ውስጥ ባለሥልጣን ሆኖ የሠራ ነው። በ1935፣ ሙሶሊኒ ሊወረን ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ኢትዮጵያ በራሷ መሠልጠን አትችልም የሚል ጽሑፍ አሳትሟል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ እኛ የሚለውን ነገር ሁለቴ ሦስቴ መፈተሽ ተገቢ ነው። ግን መፈተሽ እና መጣል ይለያያሉ። ሻጩ ዋሾ መሆኑ ዕቃውን እንድንለኩሰው ያደርገናል እንጂ ክብሪቷን አይተካም። በ1920 ያቀረባቸው ምክንያቶች ልክ ከሆኑ የሱ ክፋት አያፈርሳቸውም፤ ስህተት ከሆኑም የሚያፈርሳቸው ሌላ ምክንያት ነው።

ደግሞ በሰው ማንነት እንፍረድ ብንል የት እንደምንደርስ ተመልከቱ። የኮንቲ ሮሲኒ ደጋፊ ሚትቮኽ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው፤ በ1935 ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ አስወጥተውት በኋላ ለንደን ተሰደደ፣ የዘረኝነት ሰለባ ማለት ነው። ሐተታውን በዋናነት የተከላከሉት ሰምነር ደግሞ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው፤ መጽሐፉ የሚያማርረው በሱስንዮስ ዘመን የነበሩትን የነዚያኑ የኢየሱሳውያን ሥራ ነው! ከጠረጠሩት መካከል ደግሞ አንድ ጊዜ የራሳችን ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። እሳቸውን ማን አገር አይወዱም ይላቸዋል? እድሜያቸውን በሙሉ ለግዕዝ መጻሕፍት የሰጡ ሰው ናቸው። ማንነትን ይዘህ ወደ እውነት ለመሄድ ከሞከርክ መንገዱ ራሱ ያዞርሃል። እኔን የጌታቸው ነገር የሚያስደንቀኝ ሌላም ምክንያት አለው፦ በስተርጅና ሐሳብ መለወጥ። እኛ ኮሜንት ላይ የጻፍነውን ለመለወጥ እንኳ እንሞታለን።

አንዳንድ ሰው "ይህን ሁሉ የፈረንጅ ሎጂክ ለምን በኛ ነገር ላይ ታመጣለህ?" ይለኛል። የኛስ መቼ ጠፋና? አገራችን ሁለት ዓይነት የክርክር ትምህርት አላት። አንደኛው ሙግት ነው። "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ሰው ከቦ እያደነቃቸው ይከራከሩ ነበር። ውበት ነበረው፤ ዓላማው ግን መርታት ነው። ፌስቡክ ላይ የወረስነው ይህንኑ ነው፣ ያውም ውበቱን ጥለን። ሁለተኛው የቤተ ክህነቱ የአንድምታ ትምህርት ነው። የአንድምታ መምህር አንድ ቃል ሲያገኝ አንዱን ትርጉም ይሰጥና "አንድም" ብሎ ሌላውን ያመጣል፣ እንደገና "አንድም" ይላል። አማራጩን ሳይደረድር አይዘልም። በጥያቄያችን ላይ እንሞክረው፦

አንድም ዘርዓ ያዕቆብ ጻፈው፣ ጁስቶ አግኝቶ አስገለበጠው።
አንድም ጁስቶ ራሱ ደረሰው።
አንድም ጁስቶ አሰበው፣ ግዕዙን የበጌምድር ደብተራ ጻፈለት።
አንድም የቆየ መጽሐፍ ነበረ፣ ጁስቶ ቀነሰበት ጨመረበት።
አንድም ከጁስቶ በፊት የነበረ ሌላ ስሙን የደበቀ የኛው ሊቅ ጻፈው።

አምስት ሆኑ። ኮሜንት ላይ የሚጣሉት ግን በሁለቱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሦስቱ የሌሉ ይመስል። አብዛኛው ክርክራችን የሚበላሸው ገና ሳይጀመር፣ አማራጩን ለሁለት ስንከፍል ነው። ወይ ከኛ ወይ ከነሱ፣ ወይ ጀግና ወይ ባንዳ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚል ሕዝብ ሥሩን ሳያይ ቅጠሉን ይዞ ይደባደባል።

አንዴ ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ፎርጅድ ከሆነ እኛ ምን ቀረን?" አለኝ። ክፍሉ ዝም አለ። ልጁ የታሪክ ጥያቄ አልነበረም የጠየቀው። ኮሜንት ላይ ያለው ጩኸት በሙሉ ከሥሩ ይህ ፍርሃት አለበት ብዬ አምናለሁ፦ ይህን ካጣን ባዶ ነን። ሰው እንዲህ ከፈራ መመርመር አይችልም፤ ሚዛኑን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል።

መልሴ ይህ ነበር፤ አሁንም ይኸው ነው። አንደኛ፣ የሕዝብ አእምሮ በአንድ መጽሐፍ ላይ አልተንጠለጠለም። ቅኔው አለ፣ አንድምታው አለ፣ ሙግቱ አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው "አንጋረ ፈላስፋ" አለ። ምንጩ ውጭ ነው፣ ይህን ማንም አይደብቅም፤ ግን አባቶች መርጠው፣ ተርጉመው፣ የራሳቸው አድርገው አነበቡት።

ሁለተኛ፣ "ማን ጻፈው?" እና "የሚለው ነገር ልክ ነው?" ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን መልሶ ሁለተኛውን እንደመለሰ መቁጠር አይቻልም። ያለንበትን ሰፈር እንይ። መርካቶ የሚለው ቃል የጣልያን ነው፣ ገበያ ማለት። በወረራው ዘመን ጣልያኖች አበሻውን ከነጩ ለመለየት ሲሉ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ ነቅለው ወደዚህ አመጡት። ሐሳቡ ክፉ ነበር፣ ስሙም የነሱ ነው። ዛሬ ግን አንድ ነጋዴ "ስሙ የጣልያን ስለሆነ ሱቄን ዘግቼ ልሂድ" ይላል? አይልም። መነሻው አንድ ነገር ነው፣ ዛሬ ያለው ዋጋ ሌላ ነገር። እንደዚሁ ሁሉ ሰው የአባቱን እምነት ሳይመረምር ቢይዝ ምን ይከተላል የሚለው ጥያቄ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ቢጠይቀውም ጁስቶ ቢጠይቀውም፣ መልስ ይፈልጋል።

ይህ ማለት ግን "ማንም ጻፈው ምን ያገባናል" ማለት አይደለም። ተማሪ ፊት ቆሜ "በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ እንዲህ አሰበ" ካልኩ ይህ የታሪክ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ማስረጃ ይጠየቅበታል። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ "ተረጋግጧል" ብዬም "ፎርጅድ ነው" ብዬም አላስተምርም። ማስረጃው እስካሁን የሚሸከመው ይህን ያህል ነው እላለሁ። ሐሳቤን ምን እንደሚለውጠውም እነግራቸዋለሁ፦ ነገ ከአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ከጁስቶ ልደት በፊት የተጻፈ አንድ የሐተታ ብራና ቢወጣ ክርክሩ ባንድ ቀን ያልቃል። በተቃራኒው የጁስቶ እጅ ጽሑፍ የሆነ የሐተታ ረቂቅ፣ እየሰረዘ እየደለዘ ያዘጋጀው፣ ቢገኝም ያልቃል። ሐሳቡን ምን እንደሚለውጠው መናገር የማይችል ሰው እየተከራከረ አይደለም፤ እየማለ ነው።

ለምን ይህን ሁሉ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ። ለአንድ የድሮ መጽሐፍ ብቻ ብዬ አይደለም። አንድ የድሮ ፎቶ "ዛሬ እዚህ ቦታ የሆነ" ተብሎ ሲለጠፍ፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ሲያይ በዓይናችን አይተናል። በአንድ ወር ብራችሁን እጥፍ እናደርጋለን በሚል ወሬ የእቁብ ብሩን ያስረከበ ሰውም ሁላችንም እናውቃለን። ፎርጅድ ጫማ ቢበዛ የሁለት ወር እግር ያቆስላል። ፎርጅድ ወሬ ግን ሰው ይገድላል።

እናም ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ። በምን አወቅሁ? የነገረኝ ሰው አይቶ ነው ሰምቶ? ሌላ ምን "አንድም" አለ? ምክንያቱ የሚሸከመው ይህን ያህል ነው ወይስ እኔ ስለምፈልገው ነው የከበደኝ? ሐሳቤን ምን ይለውጠዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ በጣም ደስ ያላችሁን ወሬ ነው በጣም መፈተሽ ያለባችሁ። የማትወዱትንማ ማንም ሳይነግራችሁ ትፈትሻላችሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ የቤት ሥራ አላችሁ፤ ተመረቅን ብላችሁ አታመልጡኝም። ከላይ ካስቀመጥኳቸው ምክንያቶች ውስጥ አንዱን መርጣችሁ "ቲቸር፣ ይሄኛውን ቀለል አድርገህ መዝነኸዋል" ወይም "አክብደኸዋል" በሉኝ፣ ምክንያቱን ግን ጻፉ። ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ። ልብ መላክም ይቻላል፣ ልብ ግን እንደ ክርክር አይቆጠርም።